ድንጋይ የምትማረው የጋሽ በላይ ልጅ

«ድንጋይ ለመማር ዩኒቨርሲቲ ይገባል? ድንጋይ እኮ ደጃችን ሞልቷል!» አሉ ጋሽ በላይ፣ ጠረጴዛውን እየደበደቡ።

ልጃቸው ሄለን ፎርሙን ከፊታቸው አላነሳችም። ጂኦሎጂ፣ ማለትም የድንጋይና የከርሰ ምድር ጥናት፣ ለመማር የአባቷ ፊርማ ያስፈልጋታል፤ ምዝገባው የሚያበቃው ደግሞ ዛሬ ነው። እኔ ኪሊማኒ ሰፈር ወዳለው ምግብ ቤታቸው የተጠራሁት ልጅቷን እንድመክር ነው። እንደ እኔ ያለ ገጣሚ ስለ ሥራ እንዲመክር ሲጠራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እንደ ጋሽ በላይ ያለ አባት እናንተም አታጡም። ለእሱ በዓለም ላይ ያለው ትምህርት ሕክምናና አካውንቲንግ ነው፤ የቀረው ጨዋታ ነው።

ግራ የገባኝ ሌላ ነገር ነው። ቧንቧው ውሃ አይሰጥምና ጋሽ በላይ ጓሯቸው ውስጥ ሁለት የውሃ ጉድጓድ አስቆፍረዋል፤ ሁለቱም ደረቅ ናቸው። ቦታውን የመረጠላቸው ባላ እንጨት ይዞ «እንጨቱ ውሃ ያለበትን ያሳየኛል» እያለ የሚዞር ሰውዬ ነው። ትናንት ሦስተኛውን ቦታ አሳይቷቸዋል።

«አባዬ፣ ሲሪየስሊ፣ እንጨት አምነህ እኔን አታምነኝም?»

«እሺ ውሃው የት ነው? ንገሪኛ!»

«አላውቅም። ለማወቅ ነው የምማረው።»

ባለ እንጨቱ አንድም ቀን «አላውቅም» ብሏቸው አያውቅም። ጋሽ በላይ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ምን ትላለህ፣ መካሪው?»

«እኔም አላውቅም» አልኩ፣ የጋበዙኝን ጥብስ እየጎረስኩ።

ጋሽ በላይ በመስኮቱ ወደ ሁለቱ ደረቅ ጉድጓዶች ተመለከቱ። ከዚያ ግራ እንደተጋቡ ፈረሙ። ሄለን ፎርሙን ይዛ ወደ በሩ ሮጠች።

«ቆዪ እንጂ! እስክትመረቂ እጃችንን በምን እንታጠባለን?» ብለው ጮኹ ጋሽ በላይ።

በሩ ተዘጋ።