ቅዳሜዬን ያስመልስልኛል ያልኩት ኮርስ

ኦንላይን ትምህርትን የፈለሰፈው ሰው ለእውቀት የተቆረቆረ ምሁር እንዳይመስላችሁ! በየቅዳሜው አውቶቡስ ኋላ ወንበር ላይ ሲንገጫገጭ የኖረ ባል ነው። ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ እኔ አለሁላችሁ።

ቢቸና ባለ አንድ ኮሌጅ የኅብረት ሥራ መምህር ነኝ። ኮሌጃችን ሞጣ ላይ የቅዳሜ ማዕከል ከፍቶ የመንግሥት ሠራተኞችን ያስተምራል። ያስተምራል ስል… እኔ አስተምራለሁ። ሳይነጋ ተሳፍሬ፣ ያን ጠጠር መንገድ እየዘለልኩ፣ ደብረ ወርቅ ላይ ወገቤን፣ ግንደወይን ላይ አንገቴን አስረክቤ፣ የተረፈው አካሌ ሞጣ ገብቶ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" እያለ ሲሰብክ ይውላል። ባለቤቴ በላይነሽ ደግሞ ሰርጉንም፣ ተዝካሩንም፣ ክርስትናውንም ብቻዋን ትዞራለች። "ባልሽስ?" ሲሏት "ሞጣ" ማለት ሰልችቷታል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንጀቴን ትበላኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ዲናችን ሰብስበውን፣ "አንድ ኮርስ በኦንላይን እንሞክራለን። ከተሳካ መምህሩ ሞጣ መመላለሱ ይቀርና…" ከማለታቸው የእኔ እጅ ጣሪያ ነካ። ኮምፒውተር የምከፍተው ካርታ ለመጫወት ብቻ መሆኑን ማን ጠየቀኝ!

ኮርሱን በማዘጋጀት የምታግዘኝ የትምህርት ዲዛይን ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣችልኝ። ሳምራዊት ትባላለች። ልጅ ናት፣ ትሁት ናት፣ ለግስ ግን ርኅራኄ የላትም። ለዓመታት ያስተማርኩበትን ሃንዳውት ገለጥ አድርጋ ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆመች።

"መምህር፣ 'ተማሪው የኅብረት ሥራን ጥቅም ይረዳል' ይላል።"

"አዎ፣ ይረዳላ!"

"መረዳቱን በምን ያዩታል?"

"ራሱን ሲነቀንቅ።"

"ራስ መነቅነቅ አይለካም። የሚታይ፣ የሚለካ ግስ ነው የምንፈልገው።"

ስንቱ ራሱን እየነቀነቀ ተመርቆ በወጣበት አገር ይህን ትላለች! ግን ቅዳሜዬ በእጇ ነው፤ ዋጥ አደረግኩት። ስንጨቃጨቅ ውለን፣ ሰርዘን ደልዘን፣ "ተማሪው በኅብረት መሥራትን በተግባር ያሳያል" ላይ ተስማማን። ይህችን መስመር አደራ ያዙልኝ። ቤት ገብቼ ለበላይነሽ ባጫውታት፣ "እሰይ! አንተም 'እወድሻለሁ' ማለቱን ትተህ የሚለካ ነገር አሳየኝ" ብላ ጀሪካን አስታቀፈችኝ።

ቀጥሎ የቪዲዮው ቀን መጣ። ካሜራው ፊት ቆምኩና ጀመርኩ። "እንደምን ከረማችሁ? ልጆች ደኅና? ከብቱስ? አዝመራው እንዴት ይዟል?" አልኩና ዝም ብዬ ጠበቅሁ።

"መምህር፣ ምን እየጠበቁ ነው?" አለች ሳምራዊት።

"እስኪመልሱልኝ ነዋ!"

"ቪዲዮ እኮ ነው፤ አይመልሱም።"

"ሰላምታ የማይመልስ ሰው ታዲያ ምን ብሎ ይማራል?"

አልሰማችኝም። ቪዲዮ አጭር ነው መሆን ያለበት ብላ ከብቱንም አዝመራውንም ቆርጣ ጣለችው። ቪዲዮው ሞጣ በደረሰ ማግስት የተማሪዎቹ ተጠሪ ደወሉልኝ። አቶ ዓለሙ ይባላሉ፤ በዕድሜ ይበልጡኛል፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊም ናቸው። "መምህር፣ ምን አስቀየምንዎ? ሰላም እንኳ ሳይሉን ዘው ብለው ትምህርቱ ውስጥ ገቡ!" ብለው ወቀሱኝ። ተጠያቂዋን ባሳይ ደስ ባለኝ፣ ግን ይቅርታ ጠይቄ ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ግን… ተአምር! በየሳምንቱ የምልከው ጥያቄ ይመለሳል፣ ሁሉም ይደፍናል፣ የሚቀር የለም፣ የሚዘገይ የለም። ሳምራዊት አዲስ አበባ ሆና እየደወለች፣ "እንዲህ ያለ ተሳትፎ እኛም ጋ አላየሁ!" ትለኛለች። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ክርስትና ቤት ከበላይነሽ ጎን ቁጭ ነው። "ውይ፣ ባልሽ ይሄ ነው እንዴ?" ሲሏት እሷ ትስቃለች፣ እኔ ጠላዬን እጠጣለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ታዲያ ለማን ሆነና!

ኮርሱ ሊያልቅ ሲል ዲናችን "ስኬቱን በዓይናችን እንየው" አሉና ሳምራዊትን ከአዲስ አበባ አስጠርተው ሦስታችን ሳንነግራቸው ሞጣ ወረድን። ተማሪዎቹ አቶ ዓለሙ ቤት ናቸው ተባልን፤ ሄድን። ሳሎኑ ጢም ብሏል። ኮምፒውተሩ ግን አንድ ብቻ! ወይዘሮ ጥሩዬ የምትባለዋ ተማሪ እሱ ፊት ተደቅና ጥያቄ ትመልሳለች፤ ሌላው ቆሎ ይቆረጥማል። አንዱን ጨርሳ ቀና አለች።

"ፈንቴ፣ ያንተ የይለፍ ቃል ማን ነበር?"

"ያው የበሬዬ ስም ነዋ!"

ሳምራዊት በር ላይ ደርቃ ቀረች። "ምንድን ነው ይሄ?"

"ወንፈል ነው፣ ልጄ፤ ግቢ" አሉ አቶ ዓለሙ ወንበር እየለቀቁላት። "ዛሬ ጥሩዬ ለሁላችን ትሠራለች፣ ለሳምንት ፈንቴ፣ ከዚያ እኔ። በየቤታችን እንሥራ ብንል መብራቱስ ኔትወርኩስ መቼ ይበቃናል?"

"ይሄ እኮ ኩረጃ ነው!"

"እንዴ! ኩረጃማ ተደብቆ ነው። እኛ በር ከፍተን፣ ጠላ ጠምቀን! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ደግሞ እኚሁ መምህራችን አይደሉ ያዘዙን?" ብለው የመጀመሪያውን ቪዲዮ ከፈቱት። እኔው ነኝ፣ ከረባቴን አስሬ፤ "ይህን ኮርስ ሲጨርስ ተማሪው በኅብረት መሥራትን በተግባር ያሳያል።"

"ይኸው አሳየን!" አሉ አቶ ዓለሙ።

ሳምራዊት ለመጀመሪያ ጊዜ ግስ ጠፋባት። ታይቷል፣ ተለክቷል፣ ጠላም ተቀድቶለታል… ምን ትበል?

የፈረዱት ዲናችን ናቸው። "ኮርሱ ግሩም ነው፤ ለግንደወይንም እንከፍተዋለን። ብቻ እያንዳንዱ የራሱን መሥራቱን አጠገቡ ሆኖ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል" አሉና ዞረው… ማንን ያዩ ይመስላችኋል? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል! አሁን ቅዳሜ ሞጣ፣ እሑድ ግንደወይን ነኝ። አቧራ ለብሼ እደርስና ጥግ ይዤ ተቀምጬ፣ በቪዲዮ ራሴ ሳስተምር ራሴው ተማሪዎቹን እጠብቃለሁ።

ይህን ስነግራት በላይነሽ አልተቆጣችም፤ አለመቆጣቷ ነው ይበልጥ የከፋኝ። "እንግዲያው ቪዲዮህን በፍላሽ ገልብጠህ ተውልኝ" አለች።

"ምን ያደርግልሻል?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ ባሌን ልየው።"

"ኧረ እሱ ሰላም እንኳ አይልም!"

"አንተስ ከሞጣ ስትገባ ትላለህ?"