የዛገው ግድግዳ

ግድግዳ ገመና ይሸፍናል ይላሉ። ይህን የሚሉ ግድግዳቸው አፍ አውጥቶ ያልተናገረባቸው መሆን አለባቸው። የእኔው ተናግሯል፤ ያውም በቄስ ፊት።

ወገኖቼ፣ ጭቃ አታውቂም እንዳትሉኝ። የፎገራ ሴት ጭቃ ካላወቀች ማን ይወቅ? ክረምቱን ውስጡ እንከርማለን፤ በጋውን ጥቁሩን ዋልካ በጭድ አቡክተን ቤት እንመርጋለን፤ ሲሰነጠቅ ደግሞ እበት እንለቀልቅበታለን። የኔ ጥፋት ከዋልካ የተሻለ መፈለጌ ነው።

በዚያ ዓመት መንገድ ሠራተኞች ከወረታ ዳር የኮረብታውን እግር ሲቆርጡ፣ ከቀዩ አፈር ሥር አረንጓዴ ግራጫ ጭቃ ወጣ። እንደ ቅቤ የላመ። ልጄ አበራሽ ለይፋጉ ቄስ ልጅ ታጭታለች፤ ቀን ሊቆርጡ ሽማግሌ ይመጣል፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ የቤቱ ክብር ያለው በእኔ እጅ ነው። ያንን ጭቃ ተሸክሜ ቤቴን ከመደብ እስከ ጣሪያ ለቀለቅሁት። ቤቱ የንጋት ጣና መሰለ። «ወይ ጉድ! አልጋነሽ ሰማይ መረገች» አለች ጎረቤቴ። ምቀኝነቷ እንዴት እንደጣፈጠኝ! የሙሽራው እናትም በዚያው ሰሞን ልትጠይቀን መጥታ፣ ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ወጣች።

ጥቂት ሰንብቶ ከመደቡ ጠርዝ ቀይ ነጥብ ወጣ። በዚያው ጭቃ ደፈንሁት። ዘመድ ጠርቶ መጣ።

ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት የሙሽራው አባት ቄስ አየልኝ ሊመርቁ ተነሥተው፣ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እመት አልጋነሽ?»

«ጭቃ ነው፣ አባ።»

«ጭቃነቱንማ አየሁ። የሚሄደውን ማለቴ ነው።»

ኦሪትን አነሡ። ግድግዳ ላይ አረንጓዴና ቀይ ምልክት ከታየ የቤት ለምጽ ሊሆን ይችላል፤ ካህን አይቶ ሰባት ቀን ይዝጋው፤ ከሰፋ ይፍረስ። እኔ በቄስ ትምህርት ቤት አጥር ላይ ጆሮዬን ጥዬ ፊደል የለቀምሁ ሴት ነኝ፤ ቦታውን አውቀዋለሁ። ባላውቀው ኖሮ እከራከር ነበር።

በእኛ አገር ሰው ከመጋባቱ በፊት አጥንት ይቆጠራል፤ ከዘሩ ቁምጥና ተሰምቶ እንደሆን ሰባት ቤት ወደ ኋላ ይጠየቃል። ታዲያ የገዛ ግድግዳዋ የመሰከረባትን ልጅ ማን ያገባታል? ቤቱ ተዘጋ፤ እኔና አበራሽ ማድ ቤት ገባን። ልጄ ወንዝ መውረድ ተወች። ውኃውን እኔ ስቀዳ ሴቶቹ እንስራቸውን ወደ ጎን ይስቡልኝ ጀመር።

ጭንቀቴን ያየ አንድ የመንገዱ አፈር መርማሪ፣ የከተማ ልጅ፣ «እማማ፣ ዝገት እኮ ነው» አለኝ። ጭቃው ውስጥ ብረት አለ፤ በመሬት ሆድ አየር ሳያገኘው አረንጓዴ ሆኖ ይኖራል፤ አየርና እርጥበት ሲያገኘው እንደ ማጭድ ይዝጋል። የኮረብታው ቀይ ድንጋይ ራሱ ዱሮ እንዲህ ያለ ደለል ነበረ፤ ዘመን ጠፍጥፎ፣ ዘመን አዝጎት ነው አለኝ።

ደስ ብሎኝ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥሁ። ከዋርካው ሥር ለተቀመጡት ሽማግሌዎች «ለምጽ አይደለም፣ ብረት ነው!» አልሁ።

«ብረት?» አሉ አንደኛው፣ ጢማቸውን እያሻሹ። «ብረት ከቤቷ የሚወጣ የማን ዘር ናት? እኛ ቀጥቃጭ መሆናችሁን መች ሰማን!»

ከድጡ ወደ ማጡ። ለምጻሙንስ ያዝኑለታል፤ ቀጥቃጩን ግን ቡዳ ነው ብለው ልጆቻቸውን ይሸሽጉበታል፤ የሚያርሱበትን ማረሻ ከእጁ ተቀብለው ሲያበቁ። እኔስ ምን አልሁ? «በታቦቱ! ቀጥቃጭ የለብንም!» አልሁ፤ በአጥሩ ማዶ ማጭድ ሊሸጥ የተቀመጠው ቀጥቃጭ እየሰማኝ። ቀና ብሎ አየኝና ማጭዱን መሞረድ ቀጠለ።

በሰባተኛው ቀን ቄስ አየልኝ መጡ። ቀዩ ጣሪያ ደርሷል። እሳቸው ግን ከደጃፉ አላለፉም፤ አንገታቸውንም አላሰገጉም።

«ኦሪት ጥላ ናት፣ እመት አልጋነሽ» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «እኛ በወንጌል ነን። ቀኑን ለጥር እንቁረጠው።»

መስቀላቸውን ስሜ አለቀስሁ። ምን አገኛቸው ብዬ ልጠይቅ? የዳነ በግ ቢላዋው የት ሄደ አይልም።

ሠርጉ በጥር ሆነ፤ ለቅልቅሉ ይፋግ ወረድን። ከዳሱ ተነሥተን ወደ እልፍኝ ስንጠራ፣ የሙሽራው እናት ነጠላዋን እንደ ክንፍ ዘርግታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ከነጠላው ግራና ቀኝ ግን ግድግዳው ይታያል፤ ከእኔው የባሰ፣ የበሬ ደም የተረጨበት ይመስላል። ለካ ግድግዳዬን ዳስሳ ከቤቴ የወጣች ዕለት፣ አህያዋን በመንገዱ ቁፋሮ በኩል አሳልፋ ያንኑ ጭቃ ጭናለች!

የሚያውቁኝ ያውቃሉ፤ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ መመለስ አያውቅም። አበራሽ ከሙሽራው ጎን ሆና ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ዋጥሁት።

«ቤታችሁ ያምራል» አልኋት።

«ያንቺን አይቼ ነው» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ግድግዳውን ተደግፈን፣ ከማዕዱ ቀና ሳንል በላን። ስንነሣ የሁለታችንም ነጠላ ጀርባው ቀልቶ ነበር። እንግዳው ሁሉ አየ፤ አንድም ሰው አልተናገረም።