ማውስን የናቀው ባለሙያ

ማውስ የሚንቅ የኮምፒውተር ባለሙያ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሰቆጣ ውስጥ በማኅበራት ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ስሠራ ገጥሞኛል። የበርካታ ማኅበራት ድረ ገጾች በአንድ ሰርቨር ላይ ነበሩ፤ የሰርቨሩ ኃላፊ እሱ ነው። ጥቁር ስክሪን ከፍቶ ትእዛዝ ይጽፋል እንጂ ማውስ አይነካም። «ማውስ ለሕፃናት ነው፣ እትዬ» ይለኛል። የሚጽፈው ባይገባንም አጠገቡ ስንደርስ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ቅዳሴ ላይ ያለን ቄስ ማን ያቋርጣል?

አንድ ጠዋት የንብ አርቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ኪሮስ መጡ። ከሰዓት በኋላ አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ድረ ገጻቸውን አይቶ የዓመቱን ነጭ ማር ሊገዛ ነው፤ ገጹ ግን ለመከፈት ይንቀራፈፋል።

«ሰርቨሩን ቆሻሻ ሞልቶት ነው፤ በአንድ መስመር እጠርገዋለሁ» አለ ባለሙያው።

«መጀመሪያ ቅጂ አታስቀምጥም?» አልኩት።

«ቅጂ በራሱ ለማይተማመን ሰው ነው። ይህ ትእዛዝ ‹እርግጠኛ ነህ ወይ?› ብሎ እንኳ አይጨቀጭቅም፤ ሰው ያከብራል።»

አከበረው። ቁልፉን በተጫነ ቅጽበት የሁሉም ማኅበራት ገጽ ጠፋ። ግንባሩን ላብ ቢያጠምቀውም አንገቱን አልደፋም።

«አያችሁ ፍጥነቱን?» አለ።

እውነቱን ነው፤ ባዶው ገጽ ሳይንቀራፈፍ ተከፈተ።

አቶ ኪሮስ ወደ ስክሪኑ አጎነበሱ። «ታዲያ ልጄ፣ ነጋዴው ማሩን የት ሊያየው ነው?»

«መጀመሪያ ፍጥነቱን ይይ፣ አባቴ። ማሩ እንደሆነ የትም አይሄድ።»

በዚህስ አልተሳሳተም። ማሩ ዓመቱን ሙሉ ከመጋዘን አልወጣም።