ቁጭ ብዬ የሰቀልኩት ስኳር

ወዳጄ፣ ወንበር ትወዳለህ? እኔስ እወድ ነበር። ደብረ ማርቆስ፣ የመሬት ጉዳይ በሚታይበት ቢሮ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ። ተቀምጫለሁ ስልህ ደግሞ የምሬን ነው፤ ሻይ እንኳ ጠረጴዛዬ ድረስ ነው የሚመጣልኝ።

አንድ ቀን ጫማዬ እግሬን አላስገባም አለኝ። ሐኪም ቤት ሄድኩ። ዶክተሯ ቅልጥሜን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ጣቷን አነሳች፤ ጉድጓዱ ግን እዚያው ቀረ። ከዚያ የደም ውጤቴን አነበበችና ስኳርዎ ተሰቅሏል አለችኝ። ሦስት ወር ሰጠችኝ። በየግማሽ ሰዓቱ ከወንበርዎ ካልተነሱ መርፌ መጀመርዎ ነው አለች። እንዴት አልፈራ? አባቴ በዚሁ በሽታ መጀመሪያ ጣታቸውን፣ ቀጥሎ እግራቸውን፣ በመጨረሻም ነፍሳቸውን አጥተዋል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል የሚባለው ለካ ለእኔ ኖሯል።

በማግሥቱ ቆሜ ልሠራ ቆረጥኩ። ገና ብድግ ከማለቴ አንድ መሪጌታ ስለ መሬት ደብተራቸው ሊጠይቁ ከሮብ ገበያ መጥተው ገቡ። ቆሜ ሲያዩኝ ለክብራቸው ተነስቼ ኖር ያልኳቸው መሰላቸው።

«በእግዜር! በእግዜር! ተቀመጥ ልጄ!»

ኧረ መሪጌታ፣ ሐኪም አዞኝ ነው አልኳቸው። ማን ሰምቶኝ!

«በሞቴ! አንተ ቆመህማ ጉዳዬን አልናገርም።»

ተቀመጥኩ። ወጡ፤ ተነሳሁ። አንዲት እናት ገቡ። እሳቸውም በሞቴ። አሁን ጎጃም ውስጥ ቆሞ መሥራት ይቻላል? አንድም ቀን እንደልቤ ቆሜ ሳልሠራ መርፌዋ እየቀረበች ነው። አንድ ቀንማ ብሶብኝ በሩን ዘጋሁት። ሽማግሌዎቹ ውጭ ተሰልፈው፣ ሳያጉረመርሙ ሲጠብቁኝ ባይ አፍሬ ከፈትኩት።

ሦስት ወሩ ሞላ። ዶክተሯ ዘንድ ሄድኩ። ውጤቱን ሁለቴ አየችው። ወርዷል አለች! ምን ዓይነት ስፖርት ሠርተው ነው? ምን ልበላት? ለባለጉዳይ ስነሳ፣ ስቀመጥ፣ ስነሳ፣ ስቀመጥ ነው የከረምኩት። ድሮውንም ለሰው ብነሳ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ አልኩ በልቤ። እንዳያቋርጡ ብላ አስጠነቀቀችኝ።

ግን የፈሩት ይደርሳል። ባለጉዳዮቹ ለካ የአስተያየት መዝገቡ ላይ ሲያመሰግኑኝ ከርመዋል። ኃላፊው ጠራኝና፣ ለተገልጋይ ተነስቶ የሚቀበል ሠራተኛ ያየሁት አንተን ብቻ ነው ብሎ የሹመት ደብዳቤ ሰጠኝ። ቡድን መሪ! አዲሱ ቢሮዬ ባለጉዳይ አይገባበትም፤ ወረቀት ብቻ ነው የሚገባው። ወንበሩ ጎማ አለው፤ ሳልነሳ የፋይሉ ሳጥን ድረስ ይወስደኛል። እምቢ ልል ነበር። ሚስቴ ግን እልል ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ ነግራለች።

መሪጌታ ሹመቴን ሰምተው ሊመርቁኝ መጡ። ብድግ አልኩ። ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝና እጃቸውን ዘረጉ።

«ከዚህ ወንበር እግዜር አያንሳህ!»

በር ላይ የቆሙት ሁሉ አሜን አሉ። እኔም ምን ላድርግ፣ አሜን አልኩ።