የጨቅላው ጆሮና የኔ አፍ

እኔ ደንብ የሚሉት ነገር ድሮም አይዋጥልኝም። ጋምቤላ ክልል ሆነች ከተባለ ወዲህ ደግሞ በዛ። እዚህ አትሽጪ፣ እዚያ ፍየል አትሰሪ። ቆይ፣ ስለ ጨቅላው ላውራችሁ።

ባሌ መምህር ነበር። ከጎሬ አምጥቶ ባሮ ዳር አስቀመጠኝና እሱ አፈር ገባ። ልጆቼ ደጋ ወጡ። ከማን ጋር ላውራ? ከእንስራዬ ጋር አወራለሁ። እሷም የምትመልስልኝ ውሃዋ ሲያልቅ ነው።

ከዚያ ኛቦል ጎረቤቴ ሆነች። ነፍሰ ጡር ናት፤ ባሏ ሩቅ፣ ማታር ከተማ ይነግዳል። ሙቀቱ ሲበረታ ማንጎዬ ሥር ትቀመጣለች፣ እኔ አወራለሁ። ከአማርኛዬ ግማሹ አይገባትም። ለኔስ መቼ ሁሉ ይገባኛል? “እማማ፣ አንተ ባትሪ የማይጨርስ ሬዲዮ ነህ” እያለች፣ እኔን ሴቷን በወንድ እየጠራች ትስቅብኛለች።

ወንድ ልጅ ወለደች። ጤና ጣቢያው ደግሞ አዲስ ደንብ መጥቶለታል፤ የተወለደ ሁሉ ዓይኑ፣ ልቡ፣ ጆሮው ይታይ የሚል። ተከትያት ሄድኩ። ሲስተሯ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየችኝና፣ ደንቡ እናት ብቻ ትግባ ይላል፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ አለችኝ። ማንበብ አልችል፣ ምን ብዬ ልሟገት? አያቱ ነኝ ልላት አሰብኩና አፈርኩ።

ውስጥ ሲስተሯ ለልጁ ስታጨበጭብ ይሰማኛል። ልጁ ዝም። ቁልፍ አንቀጫቀጨችለት። አሁንም ዝም። ይሄ ልጅ ካልሰማ ደንቡ ጅማ ይላክ ይላል ስትላት፣ ኛቦል ማልቀስ ጀመረች።

እና ዝም ልበል? በበሩ ስንጥቅ፣ “አይዞሽ ልጄ! የኔ ጌታ ጭብጨባ የት ያውቃል? እኛ ሰፈር ማን አጨብጭቦ ያውቃል?” እያልኩ ወሬዬን ለቀቅኩት።

“እማማ፣ ዝም አትበል!” ብላ ጮኸች ኛቦል። “ዞረ!”

ሲስተሯ በሩን ከፈተች። እስቲ በዚህ በኩል ያውሩ፣ እስቲ ደግሞ በዚያ በኩል ትለኝ ጀመር። በሄድኩበት አንገቱን እያዞረ ይፈልገኛል። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ማንጎው ሥር የሚሰማኝ ሰው ነበር!

ምን ዋጋ አለው፣ ባሏ መጥቶ ሁለቱንም ማታር ወሰዳቸው። ማንጎው ሥር እኔና እንስራዬ ቀረን።

ሰሞኑን ጤና ጣቢያ ሄጄ ሲስተሯን ስለ ልጁ ጠየቅኳት። ደንቡ፣ ልጁ ጥርስ ሲያወጣ እዚሁ ተመልሶ ጆሮው እንደገና ይታይ ይላል አለችኝ። ደግማ እንድታነብልኝ ለመንኳት። አሁንም እንደዚያው ይላል።

ወይ ጉድ! ለካ ደንብ ጥሩ ነገር ነው። የሚሽረው ሰው ቢመጣ ግን ከኔ አፍ አያመልጥም።