የስፒናው ሦስተኛ እግር

እኛ ከፋብሪካ በላይ የምናውቅ ሰዎች ነን። ዕቃ ገዝተን ቤት ስናደርስ የመጀመሪያ ሥራችን ትርፍ የመሰለንን መቀነስ ነው። ስፒናው ሦስት እግር፣ ግድግዳው ሁለት ቀዳዳ ካለው፣ ሦስተኛውን በፒንሳ ይዘን ቀጭ። እርስዎም ሰብረው ያውቃሉ፤ አይሸማቀቁ። ያ እግር ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚሸኝ ነው የሚለን ሰው ቢመጣ «ያለሱ ኖረናል» እንለዋለን። ኖረናል። እየነዘረን።

የአክስቴ ልጅ ሰይድ፣ ደሴ ፒያሳ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የጌም ማሽን ሠራ። ቁም ሣጥን የሚያህል የቺፑድ ሳጥን ነው፤ ከላይ የአሮጌ ኮምፒውተር ስክሪን፣ ወገቡ ላይ በቆርቆሮ የተለበጠ ጠረጴዛ፣ እሱ ላይ ጆይስቲክና ባለቀለም ቁልፎች። ያምራል፤ አልክድም። ማማሩ ደግሞ ግድ ነበር። ኮምቦልቻ የሚኖሩት ሐጂ ይማም «ሥራውን በዓይኔ ሳላይ ልጄን ዘሃራን አልሰጥም» ብለዋል። ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ሊያዩ ይመጣሉ።

ዋዜማውን ፓወር ሳፕላዩ ሊገጠም ሆነ። ደሴ ውስጥ ካቻቪቴ የያዘ ሰው ብቻውን አይተዉትም። ጓደኞቹ ጫታቸውን ይዘው ከበቡት፤ ሁሉም መሐንዲስ፣ ሁሉም ተቀምጦ።

«ይቺ አረንጓዴና ቢጫዋ ሽቦ መሬት ትፈልጋለች» አልኩ።

«መሬት ላይ አይደል እንዴ የቆመው?» አለ አንዱ። ሳቁ። ሽቦዋ ተቆረጠች፤ በናስትሮ ተጠቀለለች። የስፒናው እግርም ተከተላት።

ማሽኑ በራ። ሰይድ በደስታ ቆርቆሮውን መታ አደረገና እጁን ሰበሰበ።

«ነዘረህ?»

«ትንሽ ነው ወላሂ። ነፍስ አለው ማለት ነው።»

ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ይግባ፣ መሬት የሚወርድ ሽቦ ይዘርጋ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው ብዬ ለመንኩት። «ነገ ሽማግሌው ይመጣሉ፣ አንተ ግድግዳ ልታስቆፍረኝ?» አለኝ። ለነገሩ ግድግዳው ገና በዚያው ሳምንት ነበር የተቀባው። እዚህ አገር ቀለም ከሰው ይቀድማል።

ሐጂ ይማም መጡ። ዙሪያውን አዩ፤ ቺፑዱን በጣታቸው አንኳኩ፤ ከዚያ መዳፋቸውን ቆርቆሮው ላይ አሳረፉ። እጃቸውን መንጭቀው አነሱ። ሰይድ ፊቱ ገርጥቶ፣ ዘሃራ በሐረጎ ቁልቁለት ተመልሳ ስትወርድበት የሚያይ ይመስል ነበር።

«ይነዝራል» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ...»

«የኔም ደጋን ከተማ ያለው ወፍጮ እንዲሁ ነው። ሳንቃ ላይ ቆሜ ነው የማስነሳው። ሳንቃ የለህም?»

ሰይድ ከጓሮ የቺፑድ ቁራጭ ይዞ በረረ። ሐጂ ወጡበት፤ ነኩ፤ ምንም የለም። ጆይስቲኩን ጨበጡና የስክሪኑን መኪና ገደል ከተቱት።

«ማሻ አላህ» አሉ። «ሥራ ማለት ይሄ ነው።»

እኔ ዝም ማለት አልሆነልኝም። አንድ ቀን እጁ የራሰ ሰው ቢነካው እንደሚሞት፣ ሳንቃ መፍትሔ እንዳልሆነ አስረዳሁ። ሐጂ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«አንተ ምን ትሠራለህ?»

«እጽፋለሁ።»

«አብሽር» አሉኝ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ። «አላህ ይለውጥልሃል።»

ኒካሁ ታሰረ። ባለፈው ኮምቦልቻ ጌም ቤት የሚከፍት ሰው ተመሳሳይ ማሽን ሊያዝዝ መጣ። ስክሪኑን አላየም፤ ቁልፎቹን አልሞከረም። ተጫዋቾቹ የሚቆሙበትን፣ አሁን ቀይ ቀለም የተቀባውን ሳንቃ አተኩሮ አየ።

«ይሄም አብሮ ነው?»

ሰይድ ቅር አለው። «ያለ ሳንቃማ አንሸጥም» አለ።