የሱንት ጫካ የእግር ጉዞ ኮሚቴ

እኛ ሐበሾች ያለ ጉዳይ አንራመድም። እግራችን ሰንፎ አይደለም፤ ጉዳይ ካለን ድንበር የሚያሻግር እግር አለን፣ ብዙዎቻችንንም አሻግሮናል። ግን አንድ ሰው የሚገዛው ዕቃ፣ የሚጠይቀው በሽተኛ፣ የሚደርስበት ለቅሶ ሳይኖረው እንዲሁ እጁን እያወዛወዘ ሲሄድ ብታዩት ምን ትላላችሁ? እውነቱን ተናገሩ። «ምን ነካው?» ትላላችሁ። «ከሚስቱ ተጣልቶ ይሆናል» ትላላችሁ። ቸር የሆነ ቀን ደግሞ «ስኳር ይዞት፣ ሐኪም አዞት ነው» ብላችሁ በሐዘኔታ ታሳልፉታላችሁ።

ስለዚህ ካርቱም ስንኖር «የእግር ጉዞ እናድርግ» የሚል ሐሳብ በመጣ ጊዜ፣ መጀመሪያ ያደረግነው ነገር መራመድ አልነበረም። ኮሚቴ አቋቋምን።

ነገሩን ያመጣችው ዘይነባ ናት። ዘይነባ የከሚሴ ልጅ ስትሆን፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር አንድ የሱዳን ቤተሰብ ዘንድ እያደረች የምትሠራ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብቻ ሐበሻ ወደሚበዛበት ወደ ዴም ሰፈር መጥታ እኛ ግቢ ከጓደኞቿ ጋር በተከራየችው ክፍል የምታርፍ ልጅ ነበረች። ለአገሯ መንገድ ጥቂት ሳምንት ሲቀራት ደጄ ላይ ተቀመጠችና፣ «ጋሼ፣ እናቴ ካርቱም ምን አየሽ ብትለኝ ምን ልበላት?» አለችኝ። «ወላሂ እኔ የማውቀው ኩሽናውንና ሃፍላውን ነው። ከሃፍላ ወርጄ ኩሽና፣ ከኩሽና ወጥቼ ሃፍላ!» ሃፍላ የከተማው አውቶቡስ ነው። ይህን ስትል ትስቅ ነበር። እኔን ግን ሳቋ አሳዘነኝ።

ስለ ጫካው የነገርኳት እኔ ነኝ። ነጭ ዓባይ ዳር፣ ሁለቱ ወንዞች ሊገናኙ ሲቃረቡ፣ መንግሥት የሚጠብቀው የሱንት ጫካ አለ። ሱንት የግራር ዘመድ ነው፤ ጥላው ሌላ ነው፣ ወፉም ለጉድ ነው ይባላል። «ይባላል» ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያ ከተማ ጠጉሬ እስኪሸብት ስኖር ጫካውን በሃፍላ መስኮት አየት ከማድረግ በቀር ረግጬው አላውቅም። ዘይነባ ግን ወሬውን እንደሰማች ዓይኗ በራ። «ዛፍ ሥር መሄድ ነው የምፈልገው» አለች። «እንዲሁ መሄድ። ማንም ዘይነባ፣ ዘይነባ ሳይለኝ።» እመቤቷም ለስንብት ብላ አንድ ዓርብ ከጠዋት እስከ ማታ ፈቀደችላት። ከዚያ ዓርብ በኋላ ሌላ ዓርብ አልነበራትም።

እኔ ይህን ወስጄ ለጋሽ ይልማ ነገርኩ። ጋሽ ይልማ የግቢያችን ትልቅ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው በፖለቲካ ምክንያት ተሰደው መጡ። ድርጅታቸው ፈርሷል፤ ያሳደዳቸው መንግሥትም ፈርሷል፤ ያሳደዳቸውን ያሳደደውም እንዲሁ ሄዷል። የስብሰባ ፍቅራቸው ብቻ ከነሙሉ ጤናው አለ። «ያለ አደረጃጀት ጫካ አይገባም» አሉ። እሳቸው ጫካ ገብተው ያውቃሉና ማን ይከራከራቸው?

ሰብሳቢው እሳቸው፣ ጸሐፊው እኔ፣ አባላቱ የግቢው ወንዶች ሆንን። የትራንስፖርት ክፍል ተቋቋመ። የጸጥታ ክፍል ተቋቋመ፤ ሥራውም መንገድ ላይ ፖሊስ ኢቃማ ቢጠይቅ ምን እንደሚባል ማጥናት ነበር። በዚህ አትሳቁ፤ ከመካከላችን የመኖሪያ ፈቃዱ ያላለፈበት ሰው ብርቅ ነበር። ከዚያ ጉዞው «ሽርሽር» ነው የሚሉና «የጥናት ጉብኝት» ነው የሚሉ ሁለት ወገኖች ተነሱ፤ ኮሚቴው ለሁለት ከመሰንጠቅ የተረፈው በጋሽ ይልማ ብልሃት ነው። ስለ ጫማ የተናገረ ሰው አልነበረም። ከየት ወደ የት እንደምንሄድም ማንም አልጠየቀም።

በመጨረሻ ምግብ ላይ ደረስን፤ የስብሰባው ሙቀት የጨመረውም ያኔ ነው። «ዳቦና ሙዝ ይበቃል» ያለ አንድ አባል ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በጥርጣሬ ዓይን ታየ። ቀኑ ዓርብ በመሆኑ ክርስቲያኑ ጾመኛ ነው፣ ሙስሊሙ ደግሞ ጁምዓው ነው። ስለዚህ አንድ ድስት ምስር፣ አንድ ድስት ሥጋ፣ ሁለቱም እዚያው የሚሞቁበት ከሰልና ምድጃ ተወሰነ። ጋሽ ይልማ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» አሉ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ከዚያ ሃምሳውንም ሎሚ ዘይነባ ላይ ጫንን። የምግብ ክፍል ኃላፊ ሆና በሙሉ ድምፅ፣ በጭብጨባ ተመረጠች።

«እሺ» አለች። ምን ትበል?

ዓርቡ መጣ። ዘይነባ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ የትራንስፖርት ክፍሉ ተኝቶ ነበር። መኪናው የመጣው ፀሐዩ ከከረረ በኋላ ነው። ድስቱን፣ ምድጃውን፣ ሰሌኑን፣ የጋሽ ይልማን ወንበር ጭነን ጫካው ጫፍ ስንደርስ መኪናው አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ቆመ። ጋሽ ይልማ ወርደው ጥላውን አዩና «እዚህ ምን አለው?» አሉ። ምንም አልነበረውም፤ ሰሌኑን አነጠፍን። ጉዟችን በዚሁ ተፈጸመ።

የመክፈቻ ንግግር ተደረገ። ዘይነባ ከሰል አያያዘች። «ዘይነባ፣ ውሃ!» «ዘይነባ፣ ጨው የለም እንዴ?» «ዘይነባ፣ ያላ፣ ርቦናል!» ከድምፆቹ አንዱ የእኔ ነበር፤ ጨው እወዳለሁ። ልጅቱ ቀና አለች። ጭሱ ያስለቀሰውን ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች፣ እኛን አየች፣ ዛፎቹን አየች። «መጣሁ» አለችና ማንኪያውን ድስቱ ላይ ትታ ወደ ውስጥ ገባች።

ጠበቅናት። የሥጋው ድስት ማረር ጀመረ፤ ሽታው ለሁላችንም ደረሰን፣ ከእሳቱ የሚያወርደው ሰው ግን አልተመደበም ነበር። የጸጥታ ክፍሉ ሄዶ ይፈልጋት ቢባል፣ ሥልጣኑ ከኢቃማ እንደማያልፍ አስረዳ። ጾመኛውም ያልጾመውም ምስር በላን።

የመጣችው ፀሐይ ወደ ወንዙ ስታዘቀዝቅ ነው። ጫማዋ እጇ ላይ ነው፣ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ ከዚያ በፊት አይቼባት አላውቅም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እኔንም እንባ እንባ አለኝ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ግምገማ ተደረገ። በጠንካራ ጎን አደረጃጀቱ ተወደሰ። በደካማ ጎን የምግብ ክፍል ኃላፊዋ ያለ ፈቃድ ከምድቧ መጥፋቷ ተነሳ። «ሂሱን ትቀበያለሽ?» አሉ ጋሽ ይልማ።

«ተቀብያለሁ፣ ጋሼ» አለች እየሳቀች። «ግን እናንተ መቼ ነው ጫካው የምትገቡት?»

 ጋሽ ይልማ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ኮሚቴው ያጠናዋል፣ ኢንሻአላህ» አሉ።

በዚያው ሳምንት ሸኘናት። እኛ ስናጠና ጦርነቱ መጣ። ሰብሳቢው ገዳሪፍ ቀሩ፣ አባላቱ የት የት እንደደረሱ አላውቅም፣ ጸሐፊው በመተማ በኩል አገሩ ገባ።

በቀደም ስልኬ ጮኸ፤ ከከሚሴ ነው። ከዘይነባ ድምፅ ኋላ ብዙ ሰው ይንጫጫል። «ጋሼ፣ ካርቱም አሸዋ ነው እንጂ ጫካ የለውም ብለው ቀጣፊ አደረጉኝ! እናቴ ራሷ አላመነችኝም። ድምፁን ለሁሉም ከፍቼዋለሁ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ!»

ያ ጫካ በጦርነቱ ጊዜ ለማገዶ ተጨፍጭፎ አለቀ ሲባል ከሰማሁ ሰንበትበት ብያለሁ። እሷ አልሰማችም። ጫጫታው ጋብ አለ፤ አንዲት አሮጊት ስልኩ አጠገብ ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

«አለ እንጂ፣ እማማ!» አልኩ። «ልጅዎ እውነቷን ነው። ጥላው፣ ወፉ... ምን ልንገርዎት!»